ስለ ተማሪዎች ክብር ዘብ የደንብ ልብስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ በ12ኛ ክፍል የክብር ዘብ አባሎች ስም የተነገረ)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ፣ ክብር ዘባችን ስለሚለብሰው የደንብ ልብስና ስለ አያያዙ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ፈቀደልን በመጀመሪያ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀል የቀበቶ ዘለበት ማንጸባረቅ ምን ይጠቅማል? ጫማን እንደ መስታወት እስኪያበራ መወልወልስ ከሒሳብና ከሳይንስ ትምህርት ጊዜ መስረቅ አይደለምን? የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ይልቁንም ከወላጆቻችን ወገን፣ የልብሱ ዋጋ ከበደን ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። ስለዚህ ንግግራችንን በሦስት ከፍለን እናቀርባለን። በመጀመሪያ ክብር ዘብ ስለ ምን አሳምሮ እንደሚለብስ፣ በሁለተኛ ደንባችን የሚያዘውንና ምክንያቱን፣ በሦስተኛ ደግሞ ከደንቡ ሊታረም ይገባል የምንለውንና ነገ ጠዋት በሰልፉ ላይ የምታዩትን እንገልጻለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ልብስን የብርድ መከላከያ ብቻ አላደረጉትም። ልብስ በነሱ ዘንድ ይናገር ነበር። ያው አንዱ ነጭ ሸማ እንደ አለባበሱ ልዩ ልዩ ቃል ያወጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋዋል፤ ኀዘን የደረሰበት አዘቅዝቆ ይለብሰዋል፤ በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ደግሞ ያደገድጋል፤ ይኸውም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ዙሪያ ጠበቅ አድርጎ ይታጠቃል። ያየው ሁሉ ሳይጠይቅ ይረዳዋል።

እስቲ ይህን ማደግደግ የሚባለውን ነገር ልብ ብለን እንመልከተው። ሸማው አዲስ ይሁን ያረጀ፣ የሠርግ ይሁን የዘወትር፣ ማደግደግ አንድ ነው። ባለጠጋውም ድኻውም ያንኑ ያደርጋል። አክብሮቱ ያለው በአስተጣጠቁ እንጂ በጨርቁ ዋጋ አይደለም። ድኻው ሸማውን በእንዶድ አጥቦ፣ ቀዳዳውን ጠቅሞ፣ በደንብ ካደገደገ፣ ሐር የለበሰው መኰንን ካደረገው የሚያንስ አላደረገም። የክብር ዘብ የደንብ ልብስም የዘመናችን ማደግደግ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጠዋት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ተጠንቀቅ ብለን ስንቆም፣ ልብሳችን በአፋችን ፈንታ «እናከብራለን» ይላል።

በአገራችን የወታደር የደንብ ልብስ ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የዘመቱት አባቶቻችን አንድ ዓይነት ልብስ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹም በባዶ እግራቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኰንኖች መጥተው ክቡር ዘበኛን በአዲስ ሥርዓት ማሠልጠን ጀመሩ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ከስዊድን የመጡ መኰንኖች ወጣቶችን ለመኰንንነት ያስተምሩ ጀመር። እነዚያ ዕጩ መኰንኖች ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙ የማይርቅ፣ ከነሱም አያሌዎቹ እንደ እኛ ከትምህርት ቤት ወንበር የተነሡ ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ደረሰባቸው። ከመካከላቸውም በ1928 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ በተቋቋመው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ገብተው ጠላትን የተከላከሉ አሉ። በሆለታ ቁልፋቸውን ሲቆልፉ የተማሩት ትጋት፣ በጫካ ውስጥ ልብሳቸው ባለቀ ጊዜ አብሮ አላለቀም። ልብሱ መማሪያቸው ነበር፤ ትምህርቱ ግን በልባቸው ቀረ።

ስለ ጫማም እንዲሁ። በ1928ቱ ጦርነት ዘመን የተነሡትን የክቡር ዘበኛ ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። ወታደሮቹ ካኪ ኮትና ሱሪ ለብሰው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እግራቸው ግን ባዶ ነው። ሰልፋቸው ከጫማ ማጣት የተነሣ አልተዛነፈም። ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ የወጣው አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ አሁንም አንደኛ ወጣ። በሮማ ጫማ ባለማድረጉ ክብሩ አልጐደለም፤ በቶክዮም ክብሩን ያገኘው ከጫማው አይደለም። ይህን ምሳሌ ያነሣነው ያለ ምክንያት ስላልሆነ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአገራችን ውጭም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ፣ በቨርጂንያ ግዛት፣ አርሊንግተን በሚባለው የወታደሮች መካነ መቃብር ውስጥ ስማቸው ያልታወቀ ወታደሮች መቃብር አለ። የመጀመሪያው ያልታወቀ ወታደር እዚያ የተቀበረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ነው። ከ1937 ጀምሮ ይህን መቃብር የክብር ዘብ ቀንና ሌሊት ይጠብቀዋል። ዘቡ በመቃብሩ ፊት 21 እርምጃ ይራመዳል፤ ዞሮ 21 ሰኮንድ ይቆማል፤ ደግሞ ይራመዳል። ቁጥሩ ለታላቅ ክብር የሚተኰሰውን 21 መድፍ ያስታውሳል። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ የበጋ ሙቀትም ቢሆን ከሱፍ የተሠራ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ይቆማል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። መቃብሩን እየተመላለሰ የሚጠብቀው ዘብ በልብሱ ላይ የማዕርግ ምልክት አያደርግም። ለምን ቢባል፣ የተቀበሩት ወታደሮች ማዕርጋቸው ስለማይታወቅ፣ ጠባቂያቸው በማዕርግ በልጧቸው እንዳይታይ ነው። እንግዲህ የክብር ዘብ ልብስ ትርጉም ከዚህ ይገኛል። ክብር ዘብ የሚያምረው ራሱ እንዲከበር ሳይሆን፣ የሚያከብረው ነገር ጎልቶ እንዲታይ ነው። የተመልካች ዓይን ከሰንደቅ ዓላማው ላይ ተነሥቶ በእኛ ጫማ ላይ ካረፈ፣ ጫማው እጅግ ቢቈሽሽም ሆነ እጅግ ቢያምር፣ ሥራችንን አልሠራንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። ደንባችን ምን ያዛል?

ልብሳችን ካኪ ነው። ካኪ የሚለው ቃል ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ አፈር የሚመስል ማለት ነው። ቀለሙ የተመረጠው ለጌጥ አይደለም፤ ትዕቢት የሌለበት፣ የምድራችን መልክ ያለው ቀለም ነው። ሸሚዙና ሱሪው፣ የልጃገረዶችም ጉርድ፣ ከሰልፍ በፊት በነበረው ማታ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያም መስመር እስኪያወጣ ይተኰሳል። በቤቱ መብራት የሌለው በከሰል ካውያ ይተኵሳል። የከሰል ካውያ ሲሆን እርጥብ ጨርቅ በልብሱ ላይ ዘርግቶ መተኰስ ይገባል፤ አለዚያ ፍንጣሪው ልብሱን ይበሳዋል። ካውያ የሌለው ደግሞ እርጥቡን ልብስ በመስመሩ አጥፎ፣ ከፍራሹ ሥር አድርጎ ሊተኛበት ይችላል። ጠዋት ሲነሣ መስመሩ ወጥቶ ያገኘዋል።

ቁልፍ ሁሉ ይቈለፋል፤ የጐደለ ካለ ይተከላል። መርፌና ክር በየኪሳችን ይዘናል፤ ቁልፍ መትከል የማያውቅ ወንድ ልጅ በክብር ዘባችን ውስጥ አይቈይም። የቀበቶው ዘለበት ናስ ስለ ሆነ በዐመድና በሎሚ ይታሻል፤ ይህም የእናቶቻችን ጥበብ ስለ ሆነ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አያስፈልገውም። ጥፍር ይቈረጣል። የወንዶች ጠጉር ከጆሮና ከአንገትጌ በላይ ይሆናል፤ የሴቶች ጠጉር በሹሩባም ሆነ በሌላ መንገድ ተሠርቶ ከቆብ በታች ይሰበሰባል። የእጅ ሰዓት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የጣት ቀለበት፣ ሽቶም ክልክል ነው። ስልክ በመማሪያ ክፍል ይቀራል፤ በሰልፍ መካከል የሚጮኽ ስልክ ከተቀደደ ሸሚዝ ይልቅ ያሳፍራልና።

ሆኖም ደንባችን የሰውን ሃይማኖትና የሰውን ኀዘን አይነካም። ማተብ ያለው ማተቡን ሳይበጥስ ከሸሚዙ አንገትጌ ውስጥ ያደርገዋል። ራሷን የምትሸፍን እኅታችን ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነውን ነጭ መሸፈኛ ጫፉን ወደ ውስጥ አድርጋ ትለብሳለች። ኀዘን የደረሰበት ጥቁር ጨርቅ በግራ ክንዱ ላይ ያስራል። ክብር ዘብ አንድ መስሎ ይቆማል ሲባል፣ ሰው ከእናቱ ከአባቱ የተቀበለውን ይጣል ማለት አይደለም።

ፍተሻው የሚደረገው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው። ሰው የራሱን አንገትጌ ከኋላ ማየት ስለማይችል የባልንጀራው ዓይን ያስፈልገዋል። ባልንጀራችን ቆሽሾ ቢገኝ የሚጠየቀው አጣማሪው ጭምር ነው። አዛዡም ሌላውን ከመፈተሹ በፊት ራሱ በታናሹ አባል ይፈተሻል። ይህ ልማድ ብዙ አስተምሮናል። በዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፊት ቆሞ «ጥፍርህን አሳየኝ» መባልን የለመደ አዛዥ፣ ሌላውን ሲያርም በስድብ አያርምም።

ክቡራንና ክቡራት፤ እስካሁን የተናገርነው የምንወደውንና የምንጠብቀውን ደንብ ነው። አሁን ግን ወደ ሦስተኛው ክፍል ደርሰናል፤ ይህም ከሁሉ የሚከብደው ነው።

ከወረስነው ደንብ ውስጥ አንድ ቃል አለ። እያንዳንዱ የክብር ዘብ አባል በራሱ ገንዘብ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዝቶ ያድርግ ይላል። ጥፍርን መቍረጥ በእጃችን ነው፤ ሸሚዝን ማጠብ በእጃችን ነው፤ ጫማ መግዛት ግን በሁላችን እጅ አይደለም። ከመካከላችን አባታቸው የቀን ሠራተኛ የሆኑ፣ እናታቸው ጉሊት ቸርቻሪ የሆኑ፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ አሉ። የአንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ዋጋ ለነዚህ ቤተ ሰቦች የወር ቀለብ የሚነካ ነገር ነው። ከዚህም የተነሣ፣ ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ ሰልፍ የተማሩ፣ በፍተሻ አንድ ቀን ነቀፋ ያልተገኘባቸው አራት ባልንጀሮቻችን በትልልቅ በዓላት ቀን ከሰልፉ ወጥተው በአጥሩ ጥግ ቆመው አይተናል። ስማቸውን አንጠራም፤ ማንም እንዲፈልጋቸው አንሻም። በዚያን ቀን በነሱ ፈንታ የገቡት ጫማ ነበራቸው፤ እርምጃውን ግን አያውቁትም ነበር።

እንግዲህ እንፍረድ። ክብሩ የጐደለው ማን ነው? ጫማ ያጣው ልጅ ነው ወይስ ሰልፉ? እኛ ሰልፉ ነው እንላለን። በትምህርት ቤታችን ከተማርነው ከያዕቆብ መልእክትም ሁለተኛውን ምዕራፍ እናስታውሳለን። ሐዋርያው፣ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ባለጠጋ በመልካም ስፍራ አስቀምጦ፣ ያደፈ ልብስ ያለውን ድኻ ቁም ማለትን ይነቅፋል። የእኛ ባልንጀሮች ልብስ ደግሞ ያደፈ እንኳ አልነበረም።

ደንቡ ይላላ ብለን የምንለምን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። እኛ የምንለው፣ ደንብ በሁለት ይከፈል ነው። በትጋት የሚገኘው ሁሉ፣ ይኸውም ንጽሕና፣ አተኳኰስ፣ አቋቋም፣ ሰዓት ማክበር፣ ከዛሬው ይልቅ ይጥበቅ፤ ለማንም አይታለፍ። በገንዘብ የሚገኘው ግን የትምህርት ቤቱ ንብረት ይሁን፤ ለሁሉም እኩል ይሰጥ። ደብተሩ የሚያዝ አንድ ዕቃ ቤት ይቋቋም፤ ካኪው፣ ቀበቶው፣ ቆቡና ጫማው በዚያ ይቀመጥ፤ አባሉ ሲገባ ፈርሞ ይረከብ፤ ሲወጣ አጥቦና ጠግኖ ይመልስ። ያጠፋ ወይም ያበላሸ በእጁ ሥራ ይካስ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የሚጠቅስብን አይጠፋም። ተረቱ እውነት ነው፤ በተበደረው ጌጥ የሚኰራ ሰው ሞኝ ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ልብስ የሰው አይደለም፤ የሁላችን ነው። ደግሞም ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ክብር ዘብ ለራሱ ሊደምቅ አልለበሰም። የምንሰቅለው ሰንደቅ ዓላማ የአንዳችን የግል ንብረት ያልሆነውን ያህል፣ ከሥሩ የምንቆምበት ልብስም የግል ሀብት ማሳያ ባይሆን ይሻላል።

«ዕቃ ቤት እስኪቋቋም ምን ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሳችንን ነገ ጠዋት ታያላችሁ። እኛ የክብር ዘብ አባሎች፣ ሃያ አራታችንም፣ ተሰብስበን ተመካክረናል፤ ርእሰ መምህራችንንም አስፈቅደናል። ነገ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፣ የቆዳ ጫማ ያለንም የሌለንም፣ ሁላችን በጥቁር የሸራ ጫማ እንሰለፋለን። የሸራውን ጫማ ዋጋ በእኩል አዋጥተናል፤ ያነሰውን የሞላነው ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱን አጥር ቀለም ቀብተን ባገኘነው ገንዘብ ነው። አራቱ ባልንጀሮቻችን በየስፍራቸው ይቆማሉ። በእግራችን ተመልክቶ ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት የሚሞክር ቢኖር ድካሙ ከንቱ ነው፤ የደንብ ልብስ ጥቅሙ ይህ አይደለምን?

ስለዚህ ክቡራን እንግዶች፣ ነገ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማ ባታዩ፣ ክብር ዘቡ ተዝረከረከ ብላችሁ አትዘኑብን። እግራችንን ሳይሆን እርምጃችንን ተመልከቱ። የሃያ አራት ሰው ተረከዝ በአንድ ድምፅ ካልወደቀ፣ ያን ጊዜ ንቀፉን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ማታ ማታ ካውያ ሲያሞቅና ዘለበት ሲያሽ ብታዩት ጊዜውን ያባክናል አትበሉት። ልብሱን ለሰባት ሰዓት ሰልፍ በስድስት ሰዓት ያዘጋጀ ልጅ፣ ለፈተናም አስቀድሞ መዘጋጀትን ይማራል። ነገር ግን ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር በክብር ስም ቢጠይቃችሁ፣ ያ ክብር አይደለምና እንቢ በሉት።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ የዕቃ ቤቱን ነገር አደራ እንላችኋለን። እኛ የ12ኛ ክፍል አባሎች በሰኔ ስንሰናበት ሙሉ ልብሳችንን፣ የቆዳ ጫማ ያለንም ጫማችንን ጨምረን፣ ለዕቃ ቤቱ መጀመሪያ እንዲሆን አጥበንና ጠግነን እናስረክባለን። የተቀበላችሁበትን ደብተር አዘጋጁልን።

ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ያን ልብስ ስትለብሱ አንገትጌው ሊሰፋችሁ፣ ሱሪው ሊረዝማችሁ ይችላል። በመርፌ አሳጥሩት፤ ስታድጉ ደግሞ ፍቱት። በስተውስጥ የለባሹ ስም በቀለም አይጻፍ፤ ቁጥር ብቻ ይኑረው። የማን እንደ ነበረ ሳትጠይቁ ልበሱት፤ ለማን እንደሚቀር ሳታውቁም ጠብቁት።

አባቶቻችን በአንድ ሸማ ያደገድጉ ነበር፤ እኛም በአንድ ካኪና በአንድ ዓይነት ጫማ ተጠንቀቅ እንላለን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይጠብቅልን።